ጋስቶን ፕላንቴና የሚሞላው ባትሪ

ጋስቶን ፕላንቴ በፈረንሳይ አገር ኦርቴዝ በተባለችው ከተማ በ1834 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በ1854 በፓሪስ በፊዚክስ ረዳት መምህርነት ሥራ ጀመረ። በ1855 በፓሪስ አጠገብ የአንድ ጥንታዊ ግዙፍ ወፍ አፅም ስላገኘ፣ ወፉ በእርሱ ስም ጋስቶርኒስ ተባለ። ስሙን ለትውልድ ያቆየው ግን ከአራት ዓመት በኋላ የፈጸመው ሥራ ነው።

በዚያን ጊዜ የነበሩት ባትሪዎች በውስጣቸው ያለው ዚንክ ተበልቶ ሲያልቅ ኃይላቸውም አብሮ ያልቅ ነበር። ፕላንቴ በ1859 ሁለት ስስ የእርሳስ ዝርጎች በመካከላቸው ጨርቅ አኑሮ ጠቀለለና ውሃ በተቀላቀለበት ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነከራቸው። ከሌላ ባትሪ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍባቸው የአንደኛው ዝርግ ገጽ ወደ እርሳስ ዳይኦክሳይድ ተለወጠ፤ ምንጩ ሲቋረጥም ዝርጎቹ የተቀበሉትን ኃይል መልሰው ሰጡ። በ1860 ዘጠኝ ክፍሎች ያሉትን ባትሪ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ።

ይሁን እንጂ ጎተራ ያለ እህል ምን ይረባል? ግራም ዲናሞውን በ1871 እስካቀረበ ድረስ ባትሪውን በርካሽ የሚሞላ ምንጭ አልነበረም። ዝርጎቹን ደጋግሞ በመሙላትና በማራገፍ ማሰናዳቱም ረዥም ጊዜ ይፈጅ ነበር። ፕላንቴ ግን ሃያ ዓመት ያህል ምርምሩን ሳያቋርጥ ቆይቶ በ1879 ውጤቱን በመጽሐፍ አሳተመ። በ1881 ካሚል ፎር ዝርጎቹን በእርሳስ ኦክሳይድ ልቁጥ በመቀባት የማሰናጃውን ጊዜ ስላሳጠረ፣ ባትሪው ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ ወጣ። ፕላንቴ ይህን አይቶ በ1889 አረፈ።

በ1970ዎቹ የሳተላይት መገናኛ ጣቢያ በቆመባት በሱሉልታ አንድ ባለሙያ በእጁ ኮምፒዩተር ቢሠራ፣ መብራት በተቋረጠ ቅጽበት በጊዜያዊ ማኅደሩ ያለው ሁሉ ይጠፋበታል። መድኅኑ የፕላንቴ ባትሪ ነው። እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፣ ስድስቱ ተቀጣጥለው 12 ቮልት ይሆናሉ፤ የቮልት መቆጣጠሪያም ወደ 5 ቮልት ያወርደዋል። ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት በሚለውጥ መቆጣጠሪያ 1 አምፔር የሚወስድ ኮምፒዩተር፣ ከባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢጠቀም ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይሠራል። ግማሹን ማስቀረት ስስት አይደለም፤ ባዶውን የከረመ ባትሪ በዝርጎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ስለሚጠጥርበት ዳግመኛ መሞላትን እምቢ ይላል። ስለዚህ የፕላንቴን ሥራ የወረሰ ባለሙያ ባትሪውን ከተጠቀመበት በኋላ ሳይውል ሳያድር ይሙላው።