ተጋጣሚዎቹን ያሰለጠነው ሻምፒዮን፦ የኢቺሮ ኦጊሙራ ታሪክ

ዛሬ የምናወራው ስለ ፒንግፖንግ ነው። ቆይ፣ ስክሮል አድርጋችሁ አትለፉን። በየሰፈሩ ከጆተኒውና ከፑሉ ጎን የምናውቀው ይሄ ጨዋታ በአንድ ወቅት በጦርነት ተሸንፎ አንገቱን የደፋ አገር ቀና እንዲል ረድቷል። የማይነጋገሩ መንግሥታትንም አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጧል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ደጋግሞ ብቅ የሚል አንድ ሰው አለ፤ ጃፓናዊው ኢቺሮ ኦጊሙራ። ከሞተ 30 ዓመት አልፎታል።

የሱን ታሪክ የመረጥንበት ምክንያት አለን። አናት ላይ የነበረ አገር ከወደቀ በኋላ እንዴት ይመለሳል የሚለው ጥያቄ ስፖርት በሚወድ አገር ሁሉ አለ፣ እኛ ጋም አለ። በዚህ ሰውዬ ዕድሜ ውስጥ ደግሞ አገሮች ሲወድቁና ሲነሱ ደጋግሞ ታይቷል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ቆሞ የሚያይ አልነበረም። (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኦጊሙራ የተወለደው በ1932 በሺዙኦካ ክፍለ ሀገር፣ ኢቶ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እናቱ ናቸው፤ እሳቸውም ሠርተው አዳሪ ነበሩ። ቶኪዮ አደገ። ፒንግፖንግ የጀመረው ሁለተኛ ደረጃ ከገባ በኋላ፣ በ16 ዓመቱ አካባቢ ነው። ይሄን ልብ በሉ፣ ዛሬ በዚህ ዕድሜ የሚጀምር ልጅ አሰልጣኞች ዞር ብለውም አያዩትም። ያኔ ጃፓን ከጦርነቱ ገና አላገገመችም። ቶኪዮ በቦምብ ተቃጥላ የነበረች ከተማ ናት፣ ምግብም እንደ ልብ አይገኝም። ፒንግፖንግ ግን ሰፊ ሜዳ አይፈልግ፣ ውድ ዕቃ አይፈልግ። ጠረጴዛ፣ መረብ፣ ኳስ፣ ራኬት፣ በቃ።

ልጁን የሠራችው ኪቺጆጂ በሚባል ሰፈር የነበረች ትንሽ የግል የፒንግፖንግ ቤት ናት። ባለቤቷ ሂሳዬ ኡዬሃራ የምትባል ሴት ነበረች። ልጁ እዚያ ቤት ይውላል፣ ያመሻል፤ እሷም እንደ እናት ታበላዋለች፣ ስትፈልግም ትቆጣዋለች። ልምምዱ ሌሎቹን የሚያስፈራ ዓይነት ነበር። ቁጢጥ ብሎ እየዘለለ ይሄዳል፣ ገመድ ይዘላል፣ ብረት ያነሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጠረጴዛው ጋ የሚመጣው። በዚያ ዘመን ፒንግፖንግን እንደ ሩጫና እንደ ቦክስ ሙሉ አካል የሚጠይቅ ስፖርት አድርጎ የሚያስብ ሰው ብዙ አልነበረም። በኋላ የታወቀበት አንድ ሐሳብም አለው፦ ኳሱን መትቶ ነጥብ የማግኘት ዕድልህ 51 በመቶ ከሆነ ምታው፣ 100 በመቶ እስክትሆን አትጠብቅ። ጨዋታው በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነበር፤ ማጥቃት ብቻ።

1954 ላይ የዓለም ሻምፒዮና ለንደን ዌምብሌይ ውስጥ ሲዘጋጅ ኦጊሙራ ተመረጠ። ችግሩ ገንዘብ ነበር። የጉዞው ወጪ ለአንድ ተማሪ የማይታሰብ ነው፣ አገሪቱም ደሃ ናት። የፒንግፖንጓ ቤት ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ከአላፊ አግዳሚው አዋጡለት። እኛ አገር ለታመመ ሰው ሳጥን ይዘው እንደሚቆሙት ማለት ነው። ልጁ በሰፈር ሰው ሳንቲም ነው ወደ ለንደን የበረረው።

ለንደን ደግሞ ጃፓንን በፈገግታ አልተቀበለችም። ጦርነቱ ካለቀ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በጃፓን እስር ቤቶች የተሠቃዩ እንግሊዛውያን ቤተሰቦች አሉ። ተመልካቹ የሚያጨበጭበው ጃፓኖች ሲሳሳቱ ነበር። ኦጊሙራ በፍጻሜው ስዊድናዊውን ታጌ ፍሊስበርግን አሸንፎ የነጠላ ሻምፒዮን ሆነ። የወንዶቹም የሴቶቹም የቡድን ዋንጫ ወደ ጃፓን ሄደ። 1956 ላይ ቶኪዮ ውስጥ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት፣ የነጠላውን ዋንጫ በድጋሚ ወሰደ። ተጫውቶ ሲያበቃ 12 የዓለም ወርቅ ነበረው። የጃፓን ወንዶች ቡድን ከ1954 እስከ 1959 በተካሄዱት አምስት ሻምፒዮናዎች ላይ ማንም አልነካውም።

እውነት ለመናገር፣ የድሉ ምክንያት ልምምድ ብቻ አልነበረም። 1952 ላይ ሂሮጂ ሳቶ የሚባል ጃፓናዊ ቦምቤይ ላይ ወፍራም ስፖንጅ የተለጠፈበት ራኬት ይዞ ገብቶ ዓለምን አስደንግጦ ነበር። ኳሱ ድምፅ የለውም፣ ፍጥነቱ ሌላ ነው። አውሮፓውያኑ ነገሩ ምን እንደሆነ እስኪገባቸው ድረስ ጃፓን ዋንጫውን ጠራርጋ ወሰደች። የዓለም ፌዴሬሽኑ የራኬት ውፍረት ላይ ገደብ ያወጣው በ1959 ነው። አዲስ ነገር ቀድሞ የያዘ ያሸንፋል፣ ግን ለጥቂት ዓመት ብቻ። ቀጥሎ ሌላው ይማረዋል።

የተማረው ደግሞ ማን ነበር? ቻይና። 1957 ላይ የጃፓን ቡድን ሆንግ ኮንግ ሄዶ ሲጫወት ሮንግ ጉዎቱዋን የሚባል የ19 ዓመት ልጅ ኦጊሙራን አሸነፈው። ይሄ ልጅ በዚያው ዓመት ወደ ቻይና ተሻገረ፣ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት እንደነበር ታወቀ፣ ታክሞ ተመለሰ፣ ከዚያ 1959 ዶርትሙንድ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በማንኛውም ስፖርት የመጀመሪያው የቻይና የዓለም ሻምፒዮን እሱ ነው። 1961 ላይ ቤጂንግ ውስጥ ቻይና ጃፓንን በቡድን ፍጻሜ ጣለች። እንዴት ካላችሁ፣ ጃፓኖች ኳሱን በጣም አሽከርክረው የሚመቱበት አዲስ አመታት እንዳመጡ ቻይናዎች አስቀድመው ሰምተዋል። ስለዚህ ከራሳቸው ተጫዋቾች የተወሰኑትን የራሳችሁን አጨዋወት ተዉትና የጃፓኖችን አመታት ተለማመዱ አሏቸው። እነዚህ ልጆች ለጓደኞቻቸው መለማመጃ ሆኑ። ዋንጫ ያነሱት ሌሎች ናቸው። ለኛ ከታሪኩ ሁሉ ከባዱ ቦታ ይሄ ነው፤ ሰው ለማሠልጠን ራሱን ትቶ ባላጋራውን የሚሆን ሰው የት ይገኛል?

አሁን ወደ ኦጊሙራ እንመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ጃፓናዊ ያልገባው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። በ1962 የቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ ጋበዙት፣ ሄደ። ሕዝባቸው በጦርነትና በኦፒየም ደቅቆ እንደነበር፣ ፒንግፖንግን በየመንደሩ በማስፋፋት የሰውን ጤናና በራስ መተማመን መመለስ እንደሚፈልጉ እንደነገሩት ይነገራል። ኦጊሙራም የሚያውቀውን አካፈለ። ከዚያ በፊትም ወደ ስዊድን ሄዶ ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። ልምምዱን ያዩ ስዊድናውያን መጀመሪያ ላይ ሰውዬው ጤነኛ ነው ወይ ሳይሉ አይቀሩም፣ ያን ያህል ከባድ ነበርና። ከስዊድን ልጆች አንዱ፣ ስቴላን ቤንግትሶን፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ ጃፓን ድረስ ሄዶ ከሱ ዘንድ ሠለጠነ። ይሄው ልጅ 1971 ላይ ናጎያ፣ ጃፓን ውስጥ፣ የዓለም የነጠላ ሻምፒዮን ሆነ።

በገዛ አገሩ የገዛ ተማሪው ለስዊድን ዋንጫ አነሳ። እዚህ ጋ ወቀሳ ቢመጣበት አይገርምም። የአገርህን ሚስጥር ለተጋጣሚ እንዴት ትሰጣለህ የሚል ጥያቄ እኛም አገር የሚነሳ ነው። እኛ ግን ከሱ ጎን ነን። ለጃፓንም እኮ እያሠለጠነ ነበር፤ 1967 እና 1969 ላይ የጃፓን ወንዶች ቡድን ዋንጫውን መልሶ ወስዷል። እርግጥ ያኔ ቻይና አልተገኘችም።

ያልተገኘችበት ምክንያት ያሳዝናል። የባህል አብዮት የሚባለው ትርምስ አገሪቱን ሲያምስ ቡድኑ ከሁለቱም ሻምፒዮናዎች ቀረ። ተጫዋችና አሠልጣኝ በአደባባይ ይዋረድ ጀመር። ያ ኦጊሙራን ያሸነፈው ሮንግ ጉዎቱዋን፣ ከሆንግ ኮንግ ከመጡ ሁለት ባልደረቦቹ ጋር በሰላይነት ተጠርጥሮ መከራ አየ። ሦስቱም በ1968 ሕይወታቸውን አጠፉ። ሮንግ 30 ዓመቱ ነበር። ስማቸው የታደሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ተፎካካሪነት በሽንፈት ብቻ አይጠፋም፣ አገር የራሷን ሰው ስትበላም ይጠፋል።

የጃፓን ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ኮጂ ጎቶ ራሳቸው ቤጂንግ ሄደው ቻይናን ለ1971ዱ የናጎያ ሻምፒዮና ጋበዟት። ቻይና መጣች፣ የወንዶች ቡድንን ጨምሮ ከሰባቱ ዋንጫዎች አራቱን ይዛ ተመለሰች። እዚያው ናጎያ ላይ ነው አሜሪካዊው ግሌን ካዋን የቻይናዎቹ አውቶቡስ ላይ የወጣው። ከዚያ የአሜሪካ ቡድን ቤጂንግ ገባ፣ በቀጣዩ ዓመት ኒክሰን ተከተለ። የተቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ።

ኦጊሙራ 1987 ላይ የዓለም ጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ስፖርቱ ሴኡል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ገባ። የሱ አገር ግን ተንሸራታ ነበር። 1979 ላይ ሴይጂ ኦኖ የነጠላውን ወርቅ ካገኘ በኋላ ጃፓን ደረቀች። ጃፓኖች በፎርሃንድ ብቻ፣ ከጥግ እስከ ጥግ እየሮጡ የሚመቱበትን የድሮ አጨዋወት ሙጭጭ ብለው ይዘው ነበር። ዓለም በሁለቱም በኩል መምታት ጀምሯል። የስፖርቱ ስም ራሱ ወድቆ ነበር፤ አንድ ታዋቂ የቴሌቪዥን ቀልደኛ ፒንግፖንግ የጨለምተኞች ጨዋታ ነው ብሎ ስላሾፈ ልጆች ክለብ መግባት አፈሩ። ጥቁር አረንጓዴው ጠረጴዛ ወደ ሰማያዊ የተቀየረውና 1992 ባርሴሎና ላይ የታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከለውጡ ገፊዎች አንዱ ኦጊሙራ ነበር። ለአንዳንዱ ቀልድ ሊመስል ይችላል፣ ግን የ10 ዓመት ልጅ የሚያፍርበት ስፖርት ከየት አባቱ ሻምፒዮን ያገኛል?

ቻይናም በዚያው ሰሞን ወደቀች። 1981 ላይ ሰባቱንም ዋንጫ የወሰደች አገር 1989 ላይ ዶርትሙንድ ውስጥ በስዊድን 5 ለ 0 ተረታች። አዎ፣ ኦጊሙራ የሠራት ስዊድን። 1991 ላይ ደግሞ የቻይና ወንዶች ሰባተኛ ወጡ። ምን አደረጉ? ጣሊያንን ሲያሠለጥን ቆይቶ የተመለሰውን ካይ ዤንኋን ሾሙ። ሰውዬው አውሮፓ ውስጥ ያየውን ይዞ መጣ። እንደ አውሮፓውያኑ በሁለቱም በኩል የሚያጠቁ ልጆች አወጣ። ብዕር እንደሚይዙ አድርገው ራኬት የሚይዙትም የራኬቱን ጀርባ መጠቀም ተማሩ። 1995 ላይ ቲያንጂን ውስጥ ቻይና ሰባቱንም ጠቅልላ ወሰደች።

ኦጊሙራ ያንን አላየም። የመጨረሻው ትልቅ ሥራው 1991 ላይ በጃፓኗ ቺባ ከተማ ነው። ደቡብ ኮሪያን ወደ 20 ጊዜ፣ ሰሜን ኮሪያን ወደ 15 ጊዜ ተመላልሶ ሁለቱ በአንድ ቡድን እንዲጫወቱ አስማማ። የተባበረው የሴቶች ቡድን ስምንት ጊዜ በተከታታይ ዋንጫ የወሰደችውን ቻይናን በፍጻሜው 3 ለ 2 አሸነፈ። ኮሪያዎቹ በኋላ ፊልም ሠርተውበታል፣ የኮሪያ ፊልም የምትወዱ ፈልጉት። ኦጊሙራ በታኅሣሥ 1994 በሳንባ ካንሰር ሞተ። 62 ዓመቱ ነበር።

ጃፓን የተመለሰችው እሱ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እሱ ሲያደርግ የኖረውን ገልብጣ በማድረግ ነው። እሱ ዕውቀት ይዞ ወደ ውጭ ሄደ፣ እነሱ ደግሞ ዕውቀት ፍለጋ ወጡ። ጁን ሚዙታኒን በ14 ዓመቱ ጀርመን ላኩት። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ብሔራዊ ቡድን አቋቋሙ፤ ኦጊሙራ እንኳ በዚያ ዕድሜው ራኬት አልያዘም ነበር። 2008 ላይ ቶኪዮ ውስጥ ልጆች አድረው የሚሠለጥኑበትና የሚማሩበት አካዳሚ ተከፈተ። አይ ፉኩሃራ ቻይና ሊግ ውስጥ ተጫወተች። ውጤቱ ቶሎ አልመጣም። የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ፣ የሴቶች ቡድን ብር፣ የተገኘው 2012 ለንደን ላይ ነው። በዓለም ሻምፒዮና ከኦኖ በኋላ ወርቅ የተገኘው 2017 ላይ፣ ከ38 ዓመት በኋላ ነው። ስንት የፌዴሬሽን አመራር በዚህ መሃል ተቀያይሮ ይሆን? ዕቅዱ ግን ቀጠለ።

ከዚያ ሐምሌ 2021፣ ቶኪዮ ኦሎምፒክ። እኛ ሰለሞን ባረጋ ከ13 ዓመት በኋላ የ10,000 ሜትር ወርቁን ሲመልስልን የጮህንበት ሳምንት ነው። ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ በዚያው ከተማ፣ ሚዙታኒና ሚማ ኢቶ በድብልቅ ጥንድ ፍጻሜ ከቻይናዎቹ ሹ ሺንና ልዩ ሺዌን ጋር ገጠሙ። ሁለቱን የመጀመሪያ ጌሞች ተሸነፉ። ተመልካች የለም፣ ኮቪድ ነው፣ አዳራሹ ባዶ። 4 ለ 3 አሸነፉ። የጃፓን የመጀመሪያው የፒንግፖንግ የኦሎምፒክ ወርቅ ነው፤ ከ2004 በኋላ ወርቅ ከቻይና እጅ ሲወጣም የመጀመሪያው።

ሚዙታኒና ኢቶ ልጆች ሆነው የተለማመዱት የሚዙታኒ ወላጆች በሚመሩት የሰፈር ክለብ ውስጥ ነው። ክለቡ ያለው ኢዋታ ከተማ፣ ኦጊሙራ በተወለደበት በሺዙኦካ ክፍለ ሀገር።