ኢያሱ አድያም ሰገድና ግምጃ ቤቱ

በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው ግምጃ ቤት ስሙን ያገኘው ከግምጃ፣ ማለት ከከበረው የሐር ልብስ ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ልብስ የመንግሥት ሀብት ነበር፤ ሹመትም ሲሰጥ ይሸለም ነበርና።

የአጤ ፋሲል የልጅ ልጅ፣ የአጤ ዮሐንስ ልጅ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1682 ነገሡ። በዚያን ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣው ሐር በምጽዋ ገብቶ፣ በጭነት ከብት ደጋውን ወጥቶ ጎንደር እስኪደርስ ድረስ ኬላ በኬላ ቀረጥ ይከፈልበት ነበር። ኬላ ጠባቂ እንደ ልቡ ሲያስከፍል ነጋዴው ይሸሻል፤ ነጋዴው ከሸሸም ግምጃ ቤቱ ባዶ ይቀራል። ንግድ እንዲሰፋ የፈለጉት ኢያሱ በ1698 የኬላውንና የቀረጡን ሥርዓት አሻሻሉ። በማግሥቱም ዓመት ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ጎንደር ገብቶ ንጉሡን አከመ።

የደብረ ብርሃን ሥላሴ መሥራችም እኒሁ ንጉሥ ናቸው። በፋሲል ግቢ በድንጋይና በኖራ ያሠሩትን ግንብ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጐዳው፤ በ1941ም የእንግሊዝ ቦምብ አፈራረሰው፤ ግድግዳው ግን ዛሬም ቆሟል።

የሚወዷት ሴት ብትሞትባቸው ኢያሱ በኀዘን ወደ ጣና ደሴት ተገለሉ። በ1706 ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በሕይወታቸው ሳሉ ነገሠ፤ በዚያው ዓመትም ተገደሉ።

የመንግሥትን ሣጥን የተረከበ ወጣት ሁሉ፣ ኬላው ሲቃና ግምጃ ቤቱ እንደሚሞላ ከእኒህ ንጉሥ ሥራ ይማራል።