ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ። በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ባሕር ተሻግረው በጀርመን አገር ተማሩ፤ ተመልሰውም መንግሥታቸውን አገለገሉ፥ የድሬ ዳዋ ጉምሩክ ሹምም ሆኑ።

ሹመት ግን አፋቸውን አልዘጋውም። ወታደሩ በገበሬው ጫንቃ ላይ ሲኖር አገር እንደማይለማ፥ ጥሬ ሀብቱን ሸጦ የሰው እጅ ሥራ የሚገዛ ሕዝብም ነጻነቱ ስም ብቻ እንደሚሆን በድፍረት ጻፉ። ከልደታ ወደ መርካቶ ስሄድ የባሕር ማዶውን ዕቃ ክምር ባየሁ ቁጥር ነገራቸው ይታወሰኛል።

በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ፥ በ1916 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው ዘሩን ዘርተዋል፤ ማጨዱ የእኛ የተማሪዎች ዕዳ ነው።