ቅድስት ኤልሳቤጥ ዘሃንጋሪ፤ የቤት እመቤትና የድሆች እናት

ቅድስና የገዳማውያን ብቻ ድርሻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። በላቲን ሥርዓት ኖቬምበር 17 ቀን የምናስባት ቅድስት ኤልሳቤጥ ግን ጽድቅን የፈለገችው ከገበታዋ ጀምራ ነው።

የሃንጋሪ ንጉሥ የዳግማዊ እንድርያስ ልጅ ስትሆን እ.ኤ.አ. በ1207 ተወለደች። በ4 ዓመቷ ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ቱሪንጊያ መሳፍንት ቤት ተወስዳ አደገች። በ14 ዓመቷ መስፍኑን ሉድቪግን አግብታ 3 ልጆች ወለደች።

በፊቷ የቀረበው ምግብ ከየት እንደ መጣ ትጠይቅ ነበር፤ ከድሀ ያለ አግባብ የተወሰደ ከሆነ፣ ባሏ እያወቀላት፣ ከማዕድ ተቀምጣ ትራብ ነበር። በ1226 ረኃብ በገባ ጊዜ፣ ሉድቪግ በኢጣሊያ ሳለ፣ ጎተራውን ከፍታ ችግረኞችን መገበች። አዝመራው ሲደርስም መሥራት ለሚችሉት ሸሚዝ፣ ጫማና ማጭድ ሰጠች፤ ምጽዋቷ ሰውን በእግሩ የሚያቆም ነበርና።

በ1227 ሉድቪግ ለመስቀል ጦርነት ሲጓዝ በኦትራንቶ ታሞ ሞተ። በ20 ዓመቷ መበለት የሆነችው ኤልሳቤጥ ከቤተ መንግሥቱ ወጣች፤ ልጆቿንም ለሌሎች አሳዳጊዎች ሰጠች። ይህ ለእናት ምን ያህል መራራ እንደሆነ ወላጆች ሁሉ እናውቃለን ይላሉ፤ እኛም ቀላል አድርገን ልንናገረው አንደፍርም። በ1228 በማርቡርግ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ስም ሆስፒታል አሠርታ ሕሙማንን በገዛ እጇ አገለገለች። በ1231፣ በ24 ዓመቷ፣ ዐረፈች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ በ1235 ቅድስናዋን ዐወጁ።

እንግዲህ እኛም ማዕዳችንን ስንባርክ፣ እንጀራችን በማን ድካም እንደ መጣ፣ የደከመውም ዋጋውን አግኝቶ እንደሆነ እንጠይቅ። አማላጅነቷ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።