ጠፈርተኛው ፒት ኮንራድና የጨረቃ አቧራ

ጨረቃን በመርገጥ ሦስተኛው ሰው የሆኑት አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ቻርልስ ፒት ኮንራድ እ.ኤ.አ በ1930 በፊላደልፊያ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ንባብ ይከብዳቸው ስለነበር ከትምህርት ቤት እስከ መባረር ደርሰዋል። ይሁንና በ1953 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በአውሮፕላን ምህንድስና ተመርቀው የባህር ኃይል የሙከራ አብራሪ ሆኑ፤ በ1962 ደግሞ ናሳን ተቀላቀሉ።

በ1965 በጄሚኒ 5 መንኮራኩር ለስምንት ቀናት ያህል መሬትን ከዞሩ በኋላ፣ ከባልደረባቸው ጎርደን ኩፐር ጋር ባደረጉት የወዳጅነት ጉብኝት ወደ አዲስ አበባም መጥተው በቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘንድ አቀባበል ተደርጎላቸዋል።

ስማቸው ይበልጥ የሚነሳው በኖቬምበር 1969 በአፖሎ 12 ጨረቃ ላይ ባረፉበት ዕለት ነው። የተሰጣቸው ተልዕኮ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ካረፈችው ሰው አልባዋ ሰርቬየር 3 አጠገብ መውረድ ነበር። 30 ሜትር ገደማ ሲቀራቸው ከሮኬቱ የሚወጣው ጋዝ ያስነሳው አቧራ የጨረቃን ገጽ ሸፈነባቸው። የቀረውን በመሣሪያ እየተመሩ ወርደው ከሰርቬየር 160 ሜትር ያህል ርቀት ላይ አረፉ።

ከአንኮበር ግርጌ ባለው ጥንታዊው የገበያ ሥፍራ፣ በአሊዩ አምባ፣ የጭነት ከብት የሚያስነሳው አቧራ በአየር ታግዶ ጥቂት ተንሳፎ ይወርዳል። ጨረቃ ግን አየር የላትም። ጋዙ የጠረገው ብናኝ የሚገታው ስለሌለ ወደ ጎን ዝቅ ብሎ እንደ ጥይት ይፈተለካል።

ኮንራድና አለን ቢን ከሰርቬየር ላይ ፈትተው ያመጡት 10 ኪሎ ግራም ያህል አካል ይህንኑ አረጋገጠ። ወደ አፖሎ የዞረው ገጽ በብናኝ ተገርፎ ተገኝቷል፤ ያውም ሰርቬየር ጎድጓዳ ሥፍራ በመሆኗ አብዛኛው ከበላይዋ አልፎ ነው። በአንድ ሥፍራ ደጋግሞ ለማረፍና ጣቢያ ለመገንባት ለሚያቅዱ ወገኖች ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ሁኔታውን በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላትም አዳጋች ነው። ጋዙ ከሮኬቱ አፍ አጠገብ የታመቀ፣ ራቅ ሲል እጅግ የሳሳ በመሆኑ ሁለት ዓይነት ስሌት ማጣመርን ይጠይቃል። አየር አልባ የሙከራ ክፍሎችም ከምድር ስበት አንድ ስድስተኛ የሆነውን የጨረቃን ስበት አያስገኙም። በመሆኑም የሰርቬየር ስብርባሪዎች ስሌቱ ከሚመዘንባቸው ጥቂት እውነተኛ ማስረጃዎች መካከል ሆነዋል።

ኮንራድ በ1973 የስካይላብ ጣቢያን የመጀመሪያ ቡድን መርተዋል። በ1990ዎቹም ቀጥ ብሎ የሚነሳውንና የሚያርፈውን ዲሲ ኤክስ የተባለ የሙከራ ሮኬት በኒው ሜክሲኮ በረሃ ምድር ላይ ሆነው ሲቆጣጠሩ ነበር። በጁላይ 1999 በካሊፎርኒያ በደረሰባቸው የሞተር ብስክሌት አደጋ በ69 ዓመታቸው ሕይወታቸው አልፎ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀብረዋል።