ድርሻውን የጠየቀ ሰው፦ ይድነቃቸው ተሰማ

እህቶቼ፣ በዚህ እትም ስለ ኳስ ሰው መጻፌ አንዳንዶቻችሁን ሳይገርማችሁ አይቀርም። እኔ ኳስ ተመልካች አይደለሁም፤ ሙያዬ ሒሳብ ነው። የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ የወደድኩትም ስለ ደንብና ስለ ድርሻ ብዙ ስለሚያስተምር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ይድነቃቸው በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ግን ሰው ፊት የቆሙት በዘፈን ሳይሆን በኳስ ነው።

የተማሩት ከሰፈራችን ከስድስት ኪሎ እምብዛም በማይርቀው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ሲቋቋም ይድነቃቸው ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ ቡድኑን ተቀላቅለው ከሃያ ዓመት በላይ ተጫወቱለት። ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ቡድኑ ስሙን እንዲለውጥ ተገዶ ነበር፤ ነፃነት ሲመለስ ስሙም ተመለሰ። ከነፃነት በኋላ ይድነቃቸው ከመጫወቱ ጎን ለጎን የአገሪቱን ስፖርት በማደራጀት ሥራ ላይ ተሰማሩ።

በ1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሆነው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ካርቱም ላይ ሲመሠርቱ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተዘጋጀ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች። የኢትዮጵያ ተጋጣሚ የነበረችው እሷ ነበረች፤ ስለዚህ ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ይድነቃቸውም የዘር አድልዎን ጉዳይ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልተዉትም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዋንጫው የእኛ ሆነ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነ በኋላ በተጨማሪው ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈ። ዋንጫውንም አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

እኔን ይበልጥ የሚመስጠኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ 16 ቦታ ነበር። ፊፋ ከዚህ ውስጥ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጠቅላላ አንድ ቦታ መደበ፤ አውሮፓ ብቻውን 10 ቦታ ያዘ። ይህን ክፍፍል በሒሳብ መዝገብ ላይ ያየ ሰው ስህተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም አንድ ላይ ሆነው ከማጣሪያው ወጡ። የገንዘብ ቅጣት ተጣለባቸው፤ ግን አልተመለሱም። ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሜክሲኮ ሄደች። በ1974 ዓ.ም. ቦታው ሁለት ሆኖ አልጄሪያና ካሜሩን ተሳተፉ። ዛሬ ቦታው 9 ደርሷል።

ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ለ15 ዓመታት መሩ። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በካንሰር ሕመም ሲያርፉ 66 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር።

ይህን ስጽፍ የማስበው ስለ እኛ ነው። ብዙዎቻችን፣ በቤትም ሆነ በሥራ ቦታ፣ ድርሻችንን ስንጠይቅ ድምፃችን ዝቅ ይላል። የሚሰጠንን ተቀብለን፣ ተመስገን ብለን እንሄዳለን። እነዚያ አገሮች ግን ገንዘብም ጉልበትም አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹ ከቅኝ ግዛት ከወጡ ጥቂት ዓመታቸው ነበር። የነበራቸው አንድ ማኅበርና አንድ አቋም ነው። አንዷ አገር ብቻዋን ብትቀር ኖሮ ልብ የሚላትም አይኖርም ነበር። አብረው በመቅረታቸው ግን ባዶ ቦታቸው ታየ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ለምርቃት ያህል ብቻ መሆን የለበትም። በሚቀጥለው ስብሰባችን የመተዳደሪያ ደንባችንና የዓመቱ ሒሳብ ሲነበብ ከመካከላችን ማንም አታንቀላፋ። ድርሻችን ስንት እንደሆነ ሳናውቅ ልንጠይቀው አንችልምና።