ቻርልስ ሃሌ

ቻርልስ ሃሌ (ኤፕሪል 11 ቀን 1819 – ኦክቶበር 25 ቀን 1895 እ.ኤ.አ.) ጀርመን ተወልዶ እንግሊዝ አገር የኖረ የፒያኖ ተጫዋችና የኦርኬስትራ መሪ ነበር። በማንቸስተር ከተማ የሚገኘውንና እስካሁን በስሙ የሚጠራውን ሃሌ ኦርኬስትራ የመሠረተው እሱ ነው። (በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በዌስትፋሊያ፣ ሃገን ከተማ ሲሆን የትውልድ ስሙ ካርል ሃለ ነበር። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ስለነበር ሙዚቃን ገና በሕፃንነቱ ተማረ። በ1836 ወደ ፓሪስ ሄዶ ከሾፐን፣ ከሊስትና ከበርሊዮዝ ጋር ተወዳጀ። በ1848 አብዮት ሲፈነዳ ግን ተማሪዎቹ ስለተበተኑና ገቢው ስለተቋረጠ ወደ ለንደን ተሻገረ፤ ከዚያም ተጋብዞ በማንቸስተር ተቀመጠ።

ማንቸስተር በዚያን ጊዜ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነበረች። በ1849 የባለጸጎችን የኮንሰርት ማኅበር እንዲመራ ሲጠየቅ፣ የነበረው ኦርኬስትራ በጣም ደካማ ሆኖ ስላገኘው ተጫዋቾቹ ተሰናብተው እሱ እንደገና እንዲመርጥ ካልተፈቀደለት እንደማይቀበል አስታወቀ፤ ተፈቀደለትም።

በ1857 ከተማዋ ታላቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ስታዘጋጅ ሃሌ ኦርኬስትራውን አስፍቶ ለጎብኚዎች ያሰማ ነበር። ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ ተጫዋቾቹ ሊበተኑ ሆነ። እሱ ግን ኪሳራውን በራሱ ላይ ወስዶ ጃንዩዋሪ 30 ቀን 1858 ፍሪ ትሬድ ሆል በተባለው አዳራሽ ሳምንታዊ ኮንሰርት ጀመረ። ርካሽ መቀመጫ ስለነበር ሠራተኛውም ሕዝብ ይገባ ነበር። ከመጀመሪያው ወቅት ሠላሳ ያህል ኮንሰርቶች የተረፈው ትርፍ ሁለት ሽልንግ ከስድስት ፔንስ ብቻ ነው፤ ለአንድ ኮንሰርት አንድ ፔኒ መሆኑ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ያቆም ነበር። ሃሌ ግን እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ፣ ከሠላሳ ሰባት ዓመት በላይ፣ ኦርኬስትራውን መራ። የበርሊዮዝ «ፋንታስቲክ ሲምፎኒ» በእንግሊዝ አገር መጀመሪያ በሙሉ የተሰማው በ1879 በዚሁ ኦርኬስትራ ነው።

በ1888 የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው፤ በዚያው ዓመት ታዋቂዋን ቫዮሊን ተጫዋች ዊልማ ኔሩዳን አገባ። በ1893 በማንቸስተር የተከፈተው የሙዚቃ ኮሌጅ የመጀመሪያ ኃላፊም ነበር። ከደቡብ አፍሪካ የኮንሰርት ጉዞ በተመለሰበት ዓመት በድንገት አረፈ።

ኦርኬስትራው የግሉ ስለነበር ከሞቱ በኋላ እንደገና የመበተን አደጋ ገጠመው። ሦስት የከተማው ነዋሪዎች ኪሳራውን ለመሸፈን ዋስ ሆነው አቆዩት፤ በ1899 ሃንስ ሪክተር መሪነቱን ተረከበ።